ቦቴው ያልተጻፈበት ዜና

ያን ጊዜ ነጌሌ ቦረና ወሬ የሚገባት በሁለት መንገድ ነበር፤ በሬዲዮና በእግር። በእግር የሚመጣው ቀስ ይላል። አቧራውን አራግፎ፣ በትሩን ግድግዳ አስደግፎ፣ «አካም? ናጋ?»፣ እንዴት ነው፣ ሰላም ነው ብሎ፣ የሰውን፣ የከብቱን፣ የሣሩን ደኅንነት አንድ በአንድ ሳይጠይቅ አፉን ለወሬ አይከፍትም። የሬዲዮው ግን ሰላምታ አያውቅም። ጣሰው ገብረወልድ እንጀራውን የሚበላው በዚሁ ሰላምታ በማያውቀው ነበር።

አባቱ መምህር ገብረወልድ ከመንዝ መጥተው፣ ሃያ ዓመት ፊደል አስቆጥረው፣ እዚያው ነጌሌ የተቀበሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው በኦሮምኛውም በአማርኛውም እኩል አፉን የፈታ የከተማው ልጅ ነው። በ1979 ዓ.ም. ዕድሜው ሃያ አራት፣ የዜና ዘጋቢነቱ ደግሞ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር።

ሁለት ደብተር ነበሩት። በአንዱ የሚላከውን ያረቅቃል፤ በሌላው የማይላከውን ይጭራል። ይህ ሁለተኛው መልክም ወግም የለውም፤ የመጣለትን ነው።

«ሰኞ። ዛሬም ‹በደመቀ ሥነ ሥርዓት› ብዬ ጻፍኩ። ሌላው አኝኮ የተፋውን ጫት አንስቶ እንደ መቃም ነው። ምላሴን በእንዶድ ባጥበው ይሻለኝ ነበር።»

«የቀበሌው ሱቅ ስኳር መጣ ተብሎ ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ተሰለፉ። እኩለ ቀን ላይ ስኳሩ ለስብሰባ ይፈለጋል ተብሎ ወጣ። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ሻይ ቀረበልኝ። ሦስት ማንኪያ ጨመርኩ።»

«የአዳራሹን መፈክር ዝንብ ወርሶታል። ‹ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን› ይላል። ዝንቡን እሽ የሚል ግን አልተገኘም።»

ጥር ወር ላይ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ሀሮ ዲማ ከሚባለው ሥፍራ፣ በዶዘር የተቆፈረ ኩሬ ተመረቀ። ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች ይመጣሉና ኩሬው ባዶውን መታየት አልነበረበትም። ሀገያ የሚሉት የጥቅምቱ አጭር ዝናብ እንደሆነ የኩሬውን ወለል እንኳ ሳያረጥብ አልፏል። ስለዚህ ሦስት ቦቴዎች ሁለት ቀን ሙሉ ከገናሌ ወንዝ ውኃ አመላለሱ። ጣሰው ሲደርስ የመጨረሻው ቦቴ ከኋላው ውኃ እያንጠባጠበ በቁጥቋጦው ኋላ ሲሰወር አየ። ውኃ የሸተታቸውን ከብቶች ደግሞ ሚሊሺያዎች በዱላ መልሰው ያዟቸው ነበር፤ ጭብጨባው እስኪያልቅ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ሙክት ቀረበ። እንግዶቹ በልተው ሲያበቁ ወደ ኩሬው ወርደው እጃቸውን ታጠቡ፤ የሙክቱ ስብ በውኃው ላይ ዓይን ዓይን ሠርቶ ተንሳፈፈ። ጣሰውም ታጠበ። ያን ዕለት ማታ በሁለተኛው ደብተር ላይ ሊጽፍ ብዕር ቢያነሳ እጁ ስብ ስብ ሸተተውና ተወው። በመጀመሪያው ላይ ግን ጽፎ ነበር፤ «በሀሮ ዲማ የተቆፈረው ኩሬ ውኃ ሞልቶ ለአርብቶ አደሩ አገልግሎት መስጠት ጀመረ።» ዜናው በአማርኛም በኦሮምኛም ተነበበ፤ ከማብቂያው ላይ «ጣሰው ገብረወልድ ከነጌሌ ቦረና እንደዘገበው» የሚል ነበረው።

ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ወደ አዴ መሱዳ ሱቅ የባትሪ ድንጋይ ሊገዛ ገባ። መሱዳ ሚዛኗም ምላሷም የማይዛነፍ ነጋዴ ናት፤ ከባንኮኒዋ ላይ ያለችው ትልቅ ሬዲዮ ለገጠሩ ሰው ሁሉ ጆሮ ነበረች። አንድ ሽማግሌ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ቀይ አቧራ ለብሷል።

«መጣልዎ፤ የሚፈልጉት ሰው ይኸውልዎ» አለች መሱዳ ለሽማግሌው። ወደ ጣሰውም ዞራ «ጣሴ፣ ከጠዋት ጀምሮ የጨው ጆንያዬን የያዙት ባንተ ምክንያት ነው። ስማቸው ሀላኬ ነው፤ በበኩር ልጃቸው አባ ዲዳ ብለህ ጥራቸው» አለችው።

አባ ዲዳ አልተቆጡም። የሱን፣ የእናቱን፣ የከተማውን ናጋ ጠየቁ። እሱም የሳቸውን፣ የልጆቻቸውን ጠየቀ። ከብቶቹ ላይ ሲደርስ ወደ ሬዲዮው ዞሩ።

«በሬዲዮ ስሙን የሰጠው አንተ ነህ?» አሉ።

«አዎን፣ እኔ ነኝ።»

«ሀሮ ዲማ ውኃ አለ ያልከው?»

«አዎን።»

«ኢጃን አርግቴ? በዓይንህ አይተህ ነው ወይስ በጆሮህ ሰምተህ?»

ጣሰው «አይቼ ነው» አለ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። የቦረና ሰው ከብቱን ከመንዳቱ በፊት አቡሩ ይልካል፤ ቀድሞ ሄዶ ሣሩንና ውኃውን አይቶ የሚመለስ ሰው ነው። አቡሩ ስሙን ሰጥቶ ይናገራል፤ ስሙን በሰጠበት ነገር ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሰው አይላክም። አባ ዲዳም ሬዲዮው የሰው ስም ሲጠራ ሰሙና «እንግዲህ አቡሩ ሄዷል» ብለው ዐሥራ አንድ ላሞቻቸውን ነዱ። ላሞቹ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ የተረፉ ነበሩ። ሦስት ቀን ሄደው የተሰነጠቀ ጭቃ አገኙ። አራቱ እዚያው ወደቁ።

«በጭቃው ላይ የመኪና ጎማ ዱካ አየሁ» አሉ። «ትልቅ ጎማ ነው። ውኃውን ማን ጠጣው እያልኩ ነበር።»

«ውኃውን አይቻለሁ፤ ቦቴውንም አይቻለሁ። ቦቴውን አልጻፍኩትም» አለ ጣሰው።

መሱዳ ሚዛኗን አስቀመጠች። «እኔ ደግሞ ያንን ሬዲዮ ለሰው ሁሉ ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ!» አለችና ፊቷን አዞረች።

«ያለቁት አልቀዋል» አሉ አባ ዲዳ። «ከሊበን ሜዳ ዐሥራ ሁለት አባወራ ዓርብ ይነሳል። ወደ ሀሮ ዲማ ከነዱ ወደ ዳዋ ወንዝ መመለሻ ጉልበት አይኖራቸውም።»

«ነግረዋቸዋል?»

«ነግሬ ነበር። ‹ውኃ የለም የሚል ሰው ውኃውን ለብቻው የፈለገ ነው› አሉኝ። ላሞቼንም በሽታ ነው የፈጃቸው አሉ። አቡሩ ሲሳሳት ሌላ ሰው አያርምለትም። ራሱ ለሰሙት ሁሉ መልሶ ይናገራል።»

ጣሰው በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ፍስሐ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ ጣሰው ያቀረበውን የዜና እርማት እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ጓድ ጣሰው፣ ኩሬው ተቆፍሯል ወይስ አልተቆፈረም?»

«ተቆፍሯል።»

«ውኃስ ነበረበት?»

«ነበረበት።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታርመው?»

«አሁን ደርቋል፣ ጓድ። ሰው ከብቱን ይዞ እየሄደ ነው።»

«ዜና እኮ ውኃ አይደለም፤ አይደርቅም» አሉና ከስንጥሩ ጫፍ ላይ የወጣችላቸውን ሥጋ አይተው መልሰው ጎረሷት። «ሐሙስ የማኅበራቱ ስብሰባ አለ፤ እሱን ትዘግባለህ። ደጋው ላይ ቦሬ ያሉት ደግሞ ሰው አጥሮናል እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ብርድ ትወዳለህ እንዴ?»

ጣሰው ከዚያ ቢሮ እንደወጣ አፉን በውኃ ተጉመጠመጠ። የተጸየፈው ስንጥሩን ብቻ አልነበረም። የዚያች ሥጋ ጣዕም ከራሱ ጥርስ መሐል ያለ መሰለው።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ስብሰባው አልሄደም። ከአባ ዲዳ ጋር ፀሐይ ሳትከር ወጥተው፣ ቀትር ላይ ከሊበን ሜዳ ደረሱ። ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር አባወራዎቹ ተቀምጠው ነበር። ጣሰውን ማንም አላስቸኮለውም። የሰውን ናጋ፣ የከብቱን ናጋ፣ የከተማውን ናጋ አንድ በአንድ ጠየቁት፤ አንድ በአንድ መለሰ። ከዚያ የወሬው ተራ የሱ ሆነ።

ስሙን ሰጠ። ሀሮ ዲማ ውኃ እንደሌለው፣ ያኔ የነበረውም በሦስት ቦቴ ከገናሌ ተቀድቶ እንደነበር፣ ይህንንም አይቶ እንዳልተናገረ ነገራቸው።

«መንግሥት ኩሬን ውኃ ያጠጣል እንዴ?» አለ አንደኛው። ጥቂቶች ሳቁ።

«ከብት አላጠጣም፣ ኩሬ አጠጣ» አለ ሌላው። «ኩሬው ቀንድ ቢኖረው ግብር ያስከፍሉበት ነበር።»

«አንተስ እዚያ ምን ስትሠራ ነበር?» አለች ጥላው ዳር የተቀመጠች አሮጊት።

ይህንን የሚጠይቀው አይገኝም ብሎ ነበር። «ሥጋ በላሁ» አለ። «በልቼ እጄን በውኃው ታጠብኩ።»

አሮጊቷ ወደ ጎን ምራቋን ተፋች። ማንም ሳቅ አልጨመረም። ወተት አልቀረበለትም፤ እሱም ይቀርባል ብሎ አልጠበቀም። ፀሐይ ዘንበል ስትል ግን አባወራዎቹ ዓርብን ሳይጠብቁ ተነስተው ከብቶቻቸውን በተቃራኒው፣ በዳዋ በኩል መንዳት ጀመሩ። አባ ዲዳ የቀሩዋቸውን ሰባት ላሞች ከኋላ አስከትለው ሲያልፉ በትራቸውን ከፍ አደረጉለት። ሰላምታም ይሁን ስንብት አልለየውም።

የቦሬው የዝውውር ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰው። በቀጠሮው ቀን ሻንጣውን ይዞ ከመሱዳ ሱቅ ደጃፍ የሚሳፈርበትን ኤንትሬ የጭነት መኪና ይጠብቅ ነበር። መሱዳ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮዋን ድምፁን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታሰማው።

«ቦሬ ብርድ ነው አሉ፤ ይኸን ያዝ» ብላ አንድ ያገለገለ ብርድ ልብስ ወረወረችለት። «ዋጋውን አትጠይቀኝ። ስትመለስ ትመልሰዋለህ።»

ሬዲዮው የዓመቱን የልማት ፍሬዎች እየዘረዘረ ነበር። የቡና ተክሉን ጠራ፣ የመሠረተ ትምህርቱን ጠራ፣ ቀጥሎም ሀሮ ዲማ ላይ ደረሰ። ኩሬው ውኃ ሞልቶ አገልግሎት መስጠት መጀመሩን፣ «ጣሰው ገብረወልድ ከነጌሌ ቦረና እንደዘገበው» እያለ አነበበው። ጣሰው የራሱን ስም ሲሰማ፣ ከወጡ ውስጥ ፀጉር እንዳገኘ ሰው ፊቱን ቋጠረ።

ከባንኮኒው አጠገብ ገመድ የሚመርጥ፣ ከፊልቱ በኩል የመጣ ጎልማሳ ከብት አርቢ ነበር። ገመዱን ለቀቀና ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠጋ።

«ሀሮ ዲማ ነው ያለው?» አለና ወደ ጣሰው ዞረ። «ይኸን ስሙን የሰጠውን ሰው ታውቀዋለህ?»

ከውጭ የኤንትሬው ጥሩንባ ጮኸ። ረዳቱ «ቦሬ! የቦሬ ሰው!» እያለ በሩን በመዳፉ ይመታል። መሱዳ ሚዛኗን እንደያዘች ጣሰውን አየችው።

ጣሰው ሻንጣውን ከመሬት አስቀመጠ።

«አካም? ናጋ?» አለው ሰውየውን። «ከብቶቹስ? ሣሩስ?»

ሰውየው አንድ በአንድ መለሰለት። ጥሩንባው ደግሞ ጮኸ።