ሳይለቀም የተፈጨው ስንዴ

ልጅ እያለሁ አንድ ቀን ጠዋት፣ ታናሽ እህቴ አስቴር ከደጃፍ ተነስታ ወደ እኔ ስትመጣ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች። አራት ዓመቷ ነበር። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁባት። ዘወር ስል እናቴም የቤቱን ምሰሶ አቅፋ ቆማለች። «መሬቱ ዞረብኝ» አለች። ያኔ ሳቄ ደረቀ።

ቁርስ የበሉት ዳቦ ነው። ዳቦውን ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ትምህርት ቤት «ቆጮ በሊታ» እያሉ ሲያበሽቁኝ እናቴን ሳምንት ሙሉ ነዘነዝኳት። እሷም ዲላ ገበያ፣ ከሩቅ አገር በመኪና የመጣ ርካሽ ስንዴ ገዝታ አስፈጨች። እናቴ ቆጮ አሽትታ ከማን ጓሮ እንደ ወጣ የምትናገር የጌዴኦ ሴት ናት። ስንዴ ግን አታውቅም። እኔ የደረሰኝን ቁራሽ ለጓደኞቼ ላሳይ ደብቄው ስለነበር አልቀመስኩም።

እናቴ አስቴርን አዝላ ወጣች፤ እኔ እጇን ይዤ መራኋት። የሄድነው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ዘንድ ነው፣ ባለሱቅ ባሏ ከደጋ ያመጣት ሴት። ሳይፈጭ የተረፈውን ስንዴ ከቤት አስመጣችኝና በጣቷ በተን አድርጋ ቀጫጭኑን ፍሬ ለየችው።

«እንክርዳድ ነው፤ ያዞራል። ሳትለቅሚ አስፈጨሽው እንዴ?»

«ምኑ ይለቀማል? ስንዴ አይደል?»

«አይ እህቴ፣ እኛ አገር ይህን የማታውቅ ሙሽራ ሳትውል ሳታድር ወደ አባቷ ትመለሳለች።»

«አንቺስ ቆጮ መጭመቅ ሲያቅትሽ አይቼሽ የለ» አለች እናቴ፣ ዓይኗን እንደ ጨፈነች።

የዘይነባ ባል አስቴርን ተሸክሞ ክሊኒክ ወሰዳት። አስመለሳት፣ ከዚያ ተኛች። የክሊኒኩ ድሬሰር «ጠብቁ» ብቻ አለን። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ ዳቦ ዳግመኛ አልጠይቅም ብዬ ለእግዚአብሔር ማልኩ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዓይኗን ገለጠችና «ራበኝ» አለች።

እናቴ በሚቀጥለው ገበያ ርካሹን ስንዴ አልፋ፣ ከሰፈራችን ሴት ከበቀለች እናት ቆጮ ገዛች። ዘይነባ «መልቀሙን አሳይቼሽ፣ ስንዴው ምን አጠፋ?» አለቻት።

«ስንዴውን አልጠላሁትም። የሸጠልኝ ሰው ግን ዛሬ ሞያሌ ደርሷል፤ ማንን እጠይቃለሁ? የበቀለች እናት ብታሳምመኝ ጓሮዋ እዚሁ ነው፤ ሄጄ በሯ ላይ እቆማለሁ።»

እኔም ዛሬ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትምህርቱን ከሁለተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ የዕቃ ላይ ጽሑፍ አንብቤ አልዘልቀውም። ያኔ የማናውቀው ነገር በአንድ መኪና ነበር የሚመጣው፤ አሁን ሱቁ ሁሉ የሚያብረቀርቅ እሽግ ነው። ልጆቼ «እማዬ ፈሪ ናት» ይላሉ። አዎ፣ እፈራለሁ። ስለምፈራም ጎመኑንም ቅቤውንም ጓሮዋን ከማውቃት ሴት እገዛለሁ፤ ቢወደድም፣ መንገዱ ጭቃ ቢሆንም። ማንም አያስተወኝም። አስቴር ተርፋ ወልዳለች። የኔዎቹም ምሳቸውን በልተው ደጅ ይሯሯጣሉ። ደህና ነን።