ሦስት ልጅ፣ ሦስት ሐኪም

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም አንድ ሰው ታምሞ ጠያቂው ሲሰበሰብና «የእኔን ሐኪም ለምን አታዩትም?» መባባል ሲጀመር ባር ባር ይለኛል። በእኛ ቤት የደረሰው በሌላ ቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

አባቴ ቶላ፣ ላፍቶ ተወልዶ ላፍቶ ያረጀ ገበሬ ነው። እርሻው ፎቅ ከበቀለበት ቆይቷል። እሱ ግን በቀረችው ግቢ ላሞቹን ይዞ ወተት እየሸጠ ይኖራል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። «ከእኛ ጋ ና» ስንለው «ላሞቹስ ኮንዶሚኒየም ላይ ሊወጡ ነው?» ይልና ይስቅብናል።

ልጆቹ ሦስት ነን። ታላቃችን ግርማ ጀሞ ነው የሚኖረው፤ የቤት ዕቃ ይነግዳል። እህቴ ዓለምነሽ ጎፋ ናት፤ አስተማሪ ነች። እኔ ጫልቱ የመጨረሻዋ ነኝ፤ መካኒሳ መጋረጃ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ሦስታችንም አባታችንን በጣም እንወደዋለን። ችግሩ የመጣውም ከዚያ ነው።

አባዬ ደም ግፊት እንዳለበት መጀመሪያ ያሳወቀን ግርማ ነው። ራሴን ያመኛል ሲለው እሱ ራሱ ወደሚታከምበት ሐኪም ወሰደው፤ መድኃኒት ታዘዘለት። ዓለምነሽ ይህን ስትሰማ አልተዋጠላትም። «ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው ነው የጻፈለት» አለችና የሥራ ባልደረቦቿ ወደሚያመሰግኑት ሌላ ሐኪም ወሰደችው። ሌላ መድኃኒት መጣ። እኔ ደግሞ ከማን አንሼ! መጋረጃ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛዬ «ወረፋው ጉድ ነው» ያለችኝን ሐኪም አፈላልጌ አገኘሁት። እኛ ዘንድ ሐኪም የሚመረጠው በወረፋው ርዝመት አይደል? ሰው ካልተጋፋበት ሐኪም አይመስለንም። ከእሱም ሌላ መድኃኒት ይዘን ተመለስን።

መድኃኒቱን ገዝተን ስንሰጠው ሦስታችንም የምንለው አንድ ነበር። «አባዬ፣ ያንን ተወው፤ ይሄኛውን ዋጥ።» እሱም «እሺ ልጄ» ይላል። ሐኪሞቹ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብለው ሲጠይቁ የምንመልሰው እኛ ነን። «ነበረ፣ አቁሟል» እንላለን። አባዬ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ሽማግሌ ሐኪም ቤት ሲሄድ ልጁ ይናገርለታል፤ የተለመደ ነው። እኛም ክብር መስሎን ነው።

እየዋለ እያደረ አባዬ መድከም ጀመረ። ተቀምጦ ሲነሳ ያዞረዋል። አንድ ቀን ላም ሲያልብ ወድቆ ጎረቤት አነሳው። ሌላ ጊዜ በር ላይ ተንገዳግዶ ግድግዳ ይዞ ተረፈ። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቆሞ ማስቀደስ አቃተው። ያ ማረሻ ተሸክሞ ዳገት ይወጣ የነበረ ሰው ፊቱ አመድ መሰለ። እናቴን በቅጡ ሳልጠግባት ነው ያጣኋት። አሁን ደግሞ አባቴን እያየሁት ላጣው ነው ብዬ ስፌት ላይ ተቀምጬ እንባዬ ይመጣ ነበር።

መፍትሔ እንፈልግ ብለን ሦስታችን ተሰበሰብንና ተጣላን። ግርማ የዓለምነሽን ሐኪም ወቀሰ፣ ዓለምነሽ የእኔን፣ እኔ የሁለቱንም። በመጨረሻ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራተኛ ሐኪም ይፈለግ። ከተማ መሃል ስሙ የገነነ ስፔሻሊስት አለ ተባለ። ግርማ በሰው በሰው ብሎ ቀጠሮ አገኘ። የምወስደው እኔ ሆንኩ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት በስልክ ታክሲ ጠርቼ አባዬን ከግቢው ይዤው ወጣሁ። መካኒሳ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ሁሉ ቆመ። ቀጠሮው ሊያልፈን ነው ብዬ ስቁነጠነጥ የአባዬ ራስ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እንቅልፍ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው ላብ አጥምቆታል። ብጠራው አይመልስም። እሪ አልኩ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ አንዴ አየን። ከዚያ መሪውን ጠምዝዞ እግረኛ መንገድ ላይ ወጣና አንድ በር ፊት ለፊት አቆመ። ወርዶ አባቴን እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣው። ቀና ብዬ ታፔላውን ሳነብ «መካከለኛ ክሊኒክ» ይላል። ግራና ቀኙ የሚስማርና የቀለም መሸጫ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ እንኳ ከፋኝ። ለአባቴ መካከለኛ?

«ወንድሜ፣ እኛ ቀጠሮ ያለን ስፔሻሊስት ጋ ነው» አልኩት።

«እህቴ፣ ስፔሻሊስቱ እዚያ ናቸው፤ አባት ደግሞ እዚህ ናቸው» አለኝና ይዞት ገባ።

ዶክተሯ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት ናት፤ ሰላማዊት ትባላለች። አልጋ ላይ አስተኝታ እግሩን ከፍ አደረገችው። ግፊቱን ለካች፣ ስኳሩን አየች፣ ግሉኮስ ተሰቀለለት። እኔ ጥግ ይዤ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ እጠራለሁ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«እንደምን አደሩ አባባ?» አለችው።

አባዬ ተኝቶም ሰላምታ አያሳጥርም። «ደህና እግዜር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና ናቸው?» ብሎ ቀጠለ። እኔ በውስጤ «ኧረ አባዬ፣ አሁን የዚህ ጊዜ ነው?» እላለሁ። እሷ ግን ሁሉንም መለሰችለት፤ ስለ ላሞቹም ጠየቀችው። ሰላምታው ሲያልቅ ነው ወደ ቁም ነገሩ የገባችው።

«ግፊትዎ በጣም ወርዷል። የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አዎ፣ አንድ ይወስዳል» አልኳት እኔ፤ ስሙንም ነገርኳት። «በፊት ሌላ ነበረ፤ አቁሟል።»

ወደ እኔ አልዞረችም። «አባባ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ምን ዋጡ?»

አባዬ እኔን አየኝ። ከዚያ ጣሪያውን አየ። «ልጄ ተናግራለች» አለ።

«ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ ከእርስዎ ልስማ» አለችና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ልናገር አፌን ስከፍት «እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ» አለችኝ። በደህና ጊዜ ቢሆን ኖሮ እቀየማት ነበር።

አባዬ ተነፈሰና እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደ። የተቋጠረ ፌስታል አወጣ። ቀኑን ሙሉ ውጭ እንውላለን ብሎ ይዞት መውጣቱ ነው። ቋጠሮውን ፈትቶ መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ደረቱ ላይ ደረደረ።

«ይሄ የግርማ ነው» አላት። «ይሄ የዓለምነሽ ነው። ይቺ ደግሞ የጫልቱ። የጫልቱን ከሁሉ አስቀድሜ ነው የምወስደው፤ የመጨረሻ ልጄ ናት።»

ክው ብዬ ቀረሁ።

ዶክተሯ እያገላበጠች አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ሁለቱ ፋብሪካቸውና ስማቸው ይለያያል እንጂ አንድ ዓይነት መድኃኒት ናቸው። ሦስተኛውም ግፊት የሚያወርድ ነው። አባቴ የሦስት ሰው መድኃኒት ብቻውን ሲውጥ ከርሟል ማለት ነው። ሲጥለው የነበረው በሽታው ሳይሆን የእኛ መድኃኒት ነው። እኛ ደግሞ በወደቀ ቁጥር ሌላ ሐኪም ስንፈልግለት ነበር።

ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል። የእኛ አባት የደበቀው ግን መድኃኒቱን ነው።

«አባዬ፣ ተወው ብለንህ አልነበር?» አልኩት። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ የወጣው ለቅሶ ነው።

«ልጄ ለፍታ የገዛችልኝን እንዴት ልጣለው?» አለኝ። «የአንዳችሁን ውጬ የሌላችሁን ብተው፣ ያ ልጅ ሲሰማ ምን ይለኛል? በእኔ ምክንያት እንድትቀያየሙ አልፈልግም።»

ዶክተሯ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሁሉንም ለጊዜው እንዲያቆም ነገረችውና በማግስቱ መጥቶ እንዲታይ ቀጠረችው። የነገረችው እሱን ነው፤ እኔ ቆሜ ሰማሁ። ኋላ ኮሪደሩ ላይ «ለአባትሽ አንድ ሐኪም ምረጡላቸው» አለችኝ። «እኔን ምረጡ አልልሽም። ግን አንድ ይሁን። ስፔሻሊስት ሲያስፈልጋቸው ያ ሐኪም ራሱ ይላካቸው፤ ምን እንደሚወስዱ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር።»

ስንወጣ ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ቆሞ አገኘሁት። ሥራውን ትቶ ጠብቆናል። አባዬ በእግሩ ሲመጣ ሲያየው «ተመስገን!» ብሎ በሩን ከፈተለት። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ ይቆጨኛል።

አመሻሹ ላይ ወንድምና እህቴን ወደ አባዬ ግቢ ጠራኋቸውና ያየሁትን ነገርኳቸው። ግርማ አንገቱን ደፋ። ዓለምነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል ነበር የምሰማው፤ ሦስት ሲሆን ገበሬ ይጥላል» ስላቸው እያለቀሱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ታዲያ እንባችን ሳይደርቅ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? አንድ ሐኪም ይሁን ተብሏላ፣ የማን ይሁን ብለን እንደገና ጀመርነው! ግርማ «በሽታውን መጀመሪያ ያገኘለት የእኔ ነው» ይላል። ዓለምነሽ «የእኔው ነው በደንብ የመረመረው» ትላለች። እኔም ወረፋውን ማንሳቴ አልቀረም። ግርማ ደግሞ ያ ስፔሻሊስት ሌላ ቀጠሮ ይሰጠን እንደሆነ ልደውል ብሎ ስልኩን አወጣ።

አባዬ በዱላው ወለሉን መታ መታ አደረገ። «በሽተኛው ማነው?» አለ።

ግርማ መደወሉን ተወና ቀና አለ።

«እኔ ከሆንኩ እኔ ልምረጥ። የመካኒሳዋ ትሁንልኝ።»

«አባዬ፣ እሷ እኮ ጠቅላላ ሐኪም ናት፤ ስፔሻሊስት አይደለችም» አለ ግርማ።

«እሷ እኔን ጠየቀችኝ» አለ አባዬ። ግርማ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አባዬ አንዲት እንክብል ብቻ ነው የሚወስደው። ግፊቱ አልጠፋም፤ ግን በልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም። ላሞቹን ራሱ ያልባል። አንዴ ልቡን ስፔሻሊስት ይየው ብላ ዶክተር ሰላማዊት ራሷ ጽፋ ላከችው፤ ውጤቱን ይዞ የተመለሰው ወደ እሷ ነው። እኛ ደግሞ ሰው ስለ ሐኪሙ ሲያወድስ «ጎሽ፣ አጥብቀህ ያዘው» ብለን እናልፋለን።

ባለፈው ክትትሉ አብሬው ሄድኩ። ተራው ደርሶ ልገባ ብድግ ስል «አንቺ እዚህ ጠብቂ» አለኝ። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ድምፁ ይሰማኛል። ስለ ጥጃዋ ያወራል። ማታ ማታ እግሩን ስለሚቆረጥመው ይናገራል። ስለ እናታችን፣ ቤቱ ከእሷ ወዲህ እንዴት እንደሚከብደው ይናገራል። ይህን ለእኔ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁ። አባቴን ወሬ የማያበዛ ሰው ነው እል ነበር። ለካ እስኪጨርስ የሚጠብቀው ሰው አጥቶ ነው።