ስኳሩ ኤደን ነበር

አጎቴን ጋሼ ነበር የምላቸው። በወጣትነታቸው የንግድ መርከብ ላይ ሠርተዋል፤ ባሕር በሌለበት በካናዳዋ ካልጋሪ እንኳ ከመርከብ አልወረዱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሺፍት ስመለስ ዋይትሆርን ሰፈር ባለው ቤታችን ኪችን ውስጥ ይጠብቁኛል። ጨው መያዣውን አሰብ፣ ስኳር መያዣውን የመን ያለው የኤደን ወደብ ያደርጉና የሻይ ብርጭቋቸውን በመሃል ቀስ እያሉ ይገፋሉ።

«ሞገድ አለ፣ አትቸኩዪ! አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን። ያለ አንቺ ኤደንን አላያትም።»

እኔም አምኜ ቫኬሽኔን አጠራቅም ነበር።

አምና ለሠርግ ብለው አዲስ አበባ ደርሰው መጡ። እንደተመለሱም ያው ብርጭቆ፣ ያው ጉዞ፣ ያው ቃል ቀጠለ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ አርፈው ለቅሷቸው ላይ ከቶሮንቶ የመጡ የድሮ የመርከብ ባልደረባቸው እኛን ሊያጽናኑ ብለው፣ «እንኳንም አምና ከጅቡቲ ተሳፍረን ኤደንን አየናት! እንደ ልጅ ነበር የፈነጠዘው» አሉ። ሰዉ ሁሉ «እሰይ፣ ምኞታቸው ተሳካላቸው» አለ። እኔ ሻይ እያዞርኩ ነበር፤ ትሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

መሄድዎስ ይሁን፣ ጋሼ። ተመልሰው መጥተው ያንን ብርጭቆ ለምን ገፉልኝ?

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ወንበርዎ ባዶ ነው። ስኳሩን አንስቼ ጨው አጠገብ አስጠግቼ አስቀመጥኩት። በመሃላቸው ብርጭቆ አያልፍም።