በጋፍ ፍም የተጠበሰ ሥጋ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቁመቱ ስንዝር የማይሞላ ችግኝ በጥቁር ፕላስቲክ ታቅፋ መጣች። አቡ ዳቢ፣ አል ዛሂያ ሰፈር ያለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ከነችግኟ በእግሯ ነው የወጣችው። "ዳዲ፣ ጋፍ ነው! ናሽናል ትሪ! ብዙ ውኃ አይፈልግም ብላናለች ሚስ" አለችና ጠረጴዛው ላይ ከምሳዬ አጠገብ ዱብ አደረገችው። ምስር ወጥ እየበላሁ ነበር። እጄን ሰበሰብኩ።

"ዋት? አትወደውም?"

"ኧረ እወደዋለሁ" አልኩ፤ ሳህኑን ግን ገፋ አደረግሁት። ያ ጭስ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። የተማርኩት የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነበር፤ አፈር፣ ውኃ፣ ደን፣ የዱር እንስሳ፣ ሁሉም አለበት። ተመርቄ አፋር ተመደብኩና ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ከአንድ ዛፍ ጋር መጣላት ሆነ። ፕሮሶፒስ ይባላል፤ አገሬው ያወጣለትን ሌላውን ስም ተዉት፣ ፖለቲካ ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ የግጦሹን መሬት የወረረ፣ ከሥሩ ሣር የማያበቅል፣ እሾሁ የመኪና ጎማ የሚበሳ፣ ሲቆርጡት እልህ የተጋባ ይመስል መልሶ የሚያቆጠቁጥ መዓት ነው። ስንቱ አርብቶ አደር የከብቱን መንገድ ዘግቶበት ሲያለቅስ አይቻለሁ። ጠላሁት። እንደዚያ የጠላሁት ሰው እንኳ የለም።

ከዚያ የአጎቴ ልጅ ቪዛ ላከልኝና ኤምሬትስ፣ አል ዐይን ከተማ ገባሁ። ድርጅቱ የሀብታም ግቢ በአትክልት የሚያስውብ ነበር። አል ኸቢሲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖራለን፤ እራታችን ሩዝና ምስር፣ ምሳችን የእራቱ ትራፊ። ጠዋት በፒካፕ ተጭነን እንሄድና ቱቦ እንዘረጋለን፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የመጣ ሣር አሸዋ ላይ እናነጥፋለን። ሣር! በዚያ ፀሐይ! ከጉድጓድ የሚሳበው ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ሲደርቅ አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። አንድ ቀን ቅርፊቱን በእጄ አፍሼ ለኃላፊያችን ለናደር አሳየሁትና "አፈሩ እየሞተ ነው" አልኩት። ናደር ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚደርስ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነበር። ፈገግ አለና "አንተ ቱቦህን ዘርጋ" አለኝ። ዲግሪዬ ሻንጣዬ ውስጥ ተኝቶ እኔ ቱቦ እዘረጋለሁ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም በሚወርድበትና ብርዱ ጃኬት በሚያስለብስበት ወቅት፣ ናደር ለብቻዬ በመኪናው ጫነኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ባለጠጋ አዲስ የሚያሠራው ማረፊያ ቤት ነበር። ሣር ሊነጠፍበት በታሰበው ሜዳ መሀል አንድ ዛፍ ቆሟል። ግመል ሲግጠው፣ ሰው ሲመለምለው ኖሮ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ከሥሩ ብዙ ግንድ አውጥቶ የተንዠረገገ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ፣ ባለ እሾህ።

"ኢንጂነር" አለኝ ናደር፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ "ይሄ ምን ዛፍ ነው?"

ኢንጂነር! እዚህ አገር ከገባሁ እንዲህ ተብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ወርጄ አሥር እርምጃ ያህል ተጠጋሁ። ደሜ ፈላ። "አንተ ደግሞ እዚህም መጣህ?" አልኩት ዛፉን በአማርኛ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ራሴን ልክሰስ። ሁለቱ ዛፎች ዘመዳሞች ናቸው፤ ቅጠላቸው ያሳስታል። እሾሃቸው ግን ይለያያል፤ የአፋሩ ከቅጠሉ ሥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ የጋፍ ግን ቅርንጫፉ ላይ እንዳሻው ተበትኖ ነው። ቅርንጫፉን ይዞ ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን አልያዝኩም። ጠላቴን ካገኘሁ ምን ማረጋገጥ ያስፈልገኛል?

ለናደር ሌክቸር ሰጠሁት። የከርሰ ምድር ውኃ እንደሚመጥ፣ ሌላውን ተክል እንደሚገድል፣ ከነሥሩ ካልተነቀለ እንደማይለቅ አንድ በአንድ አስረዳሁት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ "ጻፈው" አለኝ። ጻፍኩት፤ ገጽ ተኩል ሞላ። ስሜን፣ ዲግሪዬን፣ ፊርማዬን። ፊርማዬን እንዴት እንዳሳመርኩት ሳስታውስ ዛሬም እጄ ይቀፈኛል።

በማግሥቱ በመጋዝ ጣሉት። ልቡ ጠቆር ያለ ቀይ ነበር፤ ሽታው ደስ ይላል።

ዓርብ ናደር ሠራተኛውን በሙሉ ሽርሽር ጋበዘ። ጀበል ሐፊት ተራራ ግርጌ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሁለት በግ ታረደ፣ ፍም ተቀጣጠለ። ዓርብም ነው፣ የገና ጾምም ነው። እኔ ግን የሰው አገር ጾም አይቆጠርም ብዬ ጎድኑን ይዤ ገባሁበት። ስቡ ፍሙ ላይ ቸስ ሲል፣ ጭሱ ልብሴ ላይ ሲያርፍ፣ ወይ ጣዕም! ጣቴን እየላስኩ "ይሄ ፍም ከየት መጣ? ጭሱ ራሱ ይበላል እኮ" አልኩ።

ናደር ሳቀ። "ያንተ ዛፍ ነው፣ ኢንጂነር። ከጋፍ የሚበልጥ ፍም የለም።"

"ጋፍ ምንድን ነው?"

"የአገሩ ዛፍ ነዋ። እዚህ ሕፃኑም ያውቀዋል። ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ያንተ ወረቀት ባይኖር ገና ስንለምን እንከርም ነበር።" ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሌላ ጎድን አቀበለኝ። "ብላ!"

ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር! ሞተሩን ሳያጠፋ የጠየቀኝ ለማወቅ ሳይሆን የሚፈርም ጅል ፈልጎ ነው። ከፒካፑ ጀርባ ሄጄ ያንን ሁሉ ሥጋ አስታወክሁት። ጓደኞቼ ጾም ስለሻረ ነው ብለው ሳቁብኝ።

ታዲያ እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። የባሰው ቅዳሜ መጣ።

ሥራ ቦታው ላይ ቱቦ እየዘረጋን ሳለ አንድ ሽማግሌ ከመኪና ወረዱ፤ ሳሊም ይባላሉ፣ እዚያው አካባቢ ያደጉ ናቸው። በቀጭን በትር ይደገፋሉ። አብራቸው ጥቁር ሻርፕ ያደረገች ሀበሻ አለች፣ ጥሩወርቅ የምትባል የወሎ ሴት፤ ፈላጅ ሃዛ በሚባለው ሰፈር ቤታቸው የታመመችውን ባለቤታቸውን የምታስታምም ናት። ወረቀቱን የጻፈው ሀበሻ ነው ቢሏቸው አስተርጓሚ ይዘው መምጣታቸው ነው። ናደር ሮጦ ደረሰና ከአጠገቤ ቆመ፣ ከነፈገግታው።

"ስማኝማ ወንድሜ" አለች ጥሩወርቅ፣ "ባባ የሚጠይቁህ አንድ ነገር ነው። ዛፉ ታሞ ነበር ወይ? ልጅ ሆነው በችግር ዘመን እናታቸው ቅጠሉን ከሩዝ ጋር እየቀቀለች በሱ ነው ያሳደገቻቸው። ታሞ ከሆነ የአላህ ሥራ ነው፣ እተወዋለሁ ይላሉ። ጤነኛ ከሆነ ግን ያስቆረጠውን እከሳለሁ ነው የሚሉት።"

ጉቶው ከኋላችን አለ። ናደር ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በናደርና በድርጅቱ እጅ ነው፣ ካፊሌ፣ ዋሴ ማለት ነው፣ እነሱ ናቸው፤ እውነቱን ከተናገርኩ በነጋታው አውሮፕላን ላይ ነኝ።

"ታሞ ነበር በያቸው።"

"እውነትህን ነው?"

"በያቸው አልኩሽ እኮ!"

ጉቶውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ በዐረብኛ ነገረቻቸው። የሽማግሌው ትከሻ ወረደ። ወደ እኔ መጡና ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ነገር ተናገሩ።

"ወደ ሌላው ዛፍ ሳይዛመት ስለደረስክለት እግዚአብሔር ይህን እጅ ይባርከው ይሉሃል" አለች ጥሩወርቅ፣ ፊቴን ሳታይ። ከዚያ ከራሷ ጨመረች፦ "እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። የታመመ እንጨት ልቡ እንደዚህ አይቀላም። አንተስ ዋሽ፣ እኔን በጾሜ ምን አድርጌህ ነው የምታስዋሸኝ? ቱ!" ብላ አሸዋው ላይ ተፋች። ሽማግሌው ከጉቶው አጠገብ የወደቀች ስንጣሪ አንስተው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ።

ናደር "ኸላስ" አለ፣ እጁን አራግፎ።

ሣሩ ተነጠፈ። የሙቀቱ ወቅት ሳይጋመስ ቢጫ ሆነ፤ ነጩ ቅርፊት ወጣ። ነቅለን ሌላ አነጠፍን፣ እሱም ነደደ፤ በመጨረሻ የፕላስቲክ ሣር ተደረገበት። እኔም አላፈርኩም፣ ሦስት ዓመት እዚያው ሠራሁ። ጥሩወርቅን አንዴ አቡ ዳቢ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝቻት ልስማት ስጠጋ ነጠላዋን አጣፍታ አለፈችኝ። አልፈረድኩባትም። ናደርን እጸየፈዋለሁ፤ ግን ናደር ለሽማግሌው አንዲት ቃል አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ተመርቄበት።

ሶልያና ምሳዬን ሳልጨርስ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ችግኙን እንደሚንከባከብ ወላጅ ይፈርማል። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። እኔ ግን መነጽሬን አደረግሁና መጀመሪያ ችግኙን አነሳሁ። ቅርንጫፉን ይዤ እሾሁን አንድ በአንድ አየሁ፤ እንዳሻው የተበተነ ነው።

"ምን እያየህ ነው?"

ነገርኳት። ወረቀቱንም፣ ሥጋውንም፣ ሽማግሌውንም። ለአሥር ዓመት ልጅ ይበዛል፤ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበርና አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከፊቴ ቀስ አድርጋ ሳበችው።

"ማሚ ትፈርም" አለች።

ማታ እናቷ ከሥራ ስትገባ ፈረመች። ችግኙ በረንዳ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የማጠጣው እኔ ነኝ፣ ልጅቷ ለክታ በምትሰጠኝ ኩባያ። እስካጠጣ ድረስ ከበሩ ንቅንቅ አትልም።