ጎረቤት የጠፋ ሰሞን

ስልከኛዋ ሰውን የምትመዝነው በድምፁ ነው። መልክ ያታልላል፣ ልብስም ከሰው ይዋሱታል፤ ድምፅ ግን የትም አይደበቅም ባይ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀለች ሌላው ላይ ስትሰካ የኖረች የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። የስንቱ ሰው ልቅሶ፣ የስንቱ እጮኛ ኩርፊያ፣ የስንቱ ባለሥልጣን ልመና በእነዚያ ጆሮዎቿ አልፏል። ከአፏ ግን አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም። «ሆድ ከአገር ይሰፋል» ሲባል ተረት የሚመስለው ሰው ካለ እሷን አያውቃትም ማለት ነው።

ማዞሪያው በማሽን ተተክቶ ጡረታ ስትወጣ ከታናሽ እህቷ ጋር ኑሮ ጀመረች። እህትየው ፀጉር ሠሪ ናት። መንገድ ዳር ያለው ክፍል የእሷ ነው፤ በእግር ሲረግጡት ከፍ ዝቅ የሚል አንድ ወንበር፣ አንድ አሮጌ ካስክ፣ ቢጎዲን የተቆለለበት ሳህን፣ ከመስተዋቱ ሥር የተደረደሩ ጠርሙሶች አሉበት። የኋላው ክፍል የስልከኛዋ ነው፤ አልጋ፣ ባለ መሳቢያ ጠረጴዛና በመስኮቱ በኩል ፀሐይ የሚሞቅ ወንበር። ሁለቱን እህትማማቾች አንድ ማሕፀን አወጣቸው ቢሉ የሚያምን የለም። ታላቅየዋ የሰማችውን ሁሉ ትቀብራለች፤ ታናሽየዋ የሰማችውን ሁሉ፣ ሳሙናው ከፀጉር ሳይለቅ፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ ታደርሳለች።

«እታለም፣ አንቺ ካዝና ነሽ፣ እኔ ሬዲዮ ነኝ» ትላለች ስትስቅ። «ካዝና ደግሞ ማንም ቁጭ ብሎ አያዳምጥም።»

እውነቷን ነው፤ ጡረታ ለስልከኛዋ ዝምታ ሆነባት። ጆሮዋ ሥራ ፈታ። ታዲያ አንድ ሰሞን፣ በኢንተርኔት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ትክክለኛ ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ያስመዝግብ የሚል ረቂቅ ሕግ ወጣና አገር ምድሩ መከራከር ያዘ። እሷም ስልኳ ላይ «ከጓዳ እስከ ጠፈር» የሚል የክርክር ግሩፕ ከፈተች። ጓዳው የገባው በሕጉ ምክንያት ነው። ጠፈሩ የገባው በኋላ፣ በአንድ ሰው ጥፋት ነው፤ እሱን እንደርስበታለን።

በግሩፑ ሁሉም በቅጽል ስሙ ይጽፋል። ማንም ግን ዝም ብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ለስልከኛዋ አንድ ጊዜ መደወል አለበት። ድምፁን ሰምታ፣ ነገረኛውን ከተከራካሪው ለይታ፣ ቅጽል ስሙንና ቁጥሩን ጠንካራ ሽፋን ባለው ደብተር ትጽፋለች። ከዚያ ለሁሉም አንድ ቃል ትሰጣለች፦ «ቁጥርዎን ለማንም አልሰጥም። እኔም መልሼ አልደውልበትም።» በዚህ ዓይነት ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ሰበሰበች።

ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ግን ግሩፑን የሚያሞቁት ሁለት ናቸው። አንዱ «ፋይሉ» ነው፤ ዕድሜውን በመዝገብ ቤት የጨረሰ፣ በአገሩ ውስጥ ያልተመዘገበ ነገር ካለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። ሌላው «ጎረቤት» ነው፤ ጣሪያ ሲመታ፣ ቆርቆሮ ሲያለብስ የኖረ ባለሙያ። ሰው መሬት መሬት እያየ ሲሄድ እሱ አርባ ዓመት ሰማይ ሥር ተቀምጦ ስለሠራ፣ እዚያ ላይ ነዋሪዎች እንዳሉ አይጠራጠርም። ጎረቤቶቻችን ናቸው ይላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

«ሕጉ ቢጸድቅ ምን ይጎድልብሃል?» ይላል ፋይሉ። «ደብቀህ የምትሠራው ከሌለ ስምህን ብታስመዘግብ ምን አስፈራህ?»

«እነሱስ ምን አስፈራቸው?» ይላል ጎረቤት። «ሰማይ ላይ የታየውን ሁሉ ቆልፈው ይዘው፣ ያንተን ጓዳ ክፈት ይሉኛል። እስቲ መጀመሪያ የሰማዩን ፋይል ያውጡ፤ ከዚያ ስሜን ከነአያቴ እሰጣለሁ።»

«ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ያለ ጉድጓድ መድፈን ያቃተው መንግሥት የጠፈር መርከብ ደብቆ ያስቀምጣል?»

«አየህ! ጉድጓድ መድፈን ላቃተው ነዋ ስምህን ስጥ የምትለኝ!»

ስልከኛዋ ይሄን ስታነብ ብቻዋን ትስቃለች። እህቷ ከፊት ክፍል «ምን አሉ? ምን አሉ?» እያለች ማበጠሪያ ይዛ ትመጣለች። ይሄ በግልጽ የተጻፈ ነውና ታነብላታለች።

ታዲያ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ጎረቤት ፎቶ ለጠፈ። «ሦስት ናቸው» ሲል ጻፈ። «ከጣሪያዬ በላይ ተደርድረው ቆመዋል። አሁንም አሉ።» ፋይሉ ፎቶውን አጉልቶ፣ ዙሪያውን በቀይ አክብቦ መልሶ ለጠፈው። አንድ ብቻውን የቆመ የመንገድ መብራት ነው። «የምን ሦስት?» አለ። «ያ ዓይን ነው ወይስ የግንባር ጌጥ? ሂድ ታከም።» ግሩፑ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት አልጻፈም።

በሦስተኛው ቀን አኮረፈ ተባለ። በሳምንቱ፣ ሕጉን ሲሳደብ መንግሥት ወሰደው ያለም፣ የጠፈሮቹ ወሰዱት ያለም ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ሲያልፍ ግን ቀልዱ ደረቀ። ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ነው። አንዷ «ቁጥሩ ያለው እትዬ ጋ ነው። ሰው ሞቶ እንደሆነ እንኳን እንዳናውቅ ታደርገናለች?» ብላ ጻፈች። ሌላው ቀጠለ፦ «እስከ ዓርብ ቁጥሩን ካልሰጠችን ሌላ ግሩፕ እንከፍታለን። ሰው የማይጠይቅ ማኅበር ምን ይሠራል?» ሰባ ሰው እጁን አወጣ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፋይሉ ራሱ ደወለ።

«እትዬ፣ ፋይሉ ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ። ደህና አደሩ?»

«የጎረቤትን ቁጥር ፈልጌ ነው።»

«አልሰጥም።»

«ብፈልግ አጥቼው አይመስልዎት። የድሮ ባልደረቦች አሉኝ። ሁለት ሰው ብጠይቅ ከነቤት ቁጥሩ ያመጡልኛል።»

ስልከኛዋ ደሟ ፈላ። «ታዲያ ለምን አልጠየቁም?»

«ስልኩን አንስቼ ነበር» አለ ፋይሉ። «ከዚያ አፈርኩ። ሰውዬው ቢያውቅ ምን ይለኛል ብዬ። እትዬ፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ካልሰደበኝ ሻዩ አይወርድልኝም። ታከም ያልኩት እኔ ነኝ። እውነት ታሞ ቢሆንስ? ከሰው የሰማው የመጨረሻ ቃል የእኔ ሊሆን ነው?»

ስልከኛዋ ድምፁን መዘነችው። ውሸት የለበትም። ቢሆንም «አልሰጥም» አለችና ዘጋች።

እህቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «እታለም፣ ምነው እንደው! አንጀትሽ ከምን ተሠራ? ሰው ከሞተ ምስጢር ምን ያደርግለታል?»

«ካልሞተስ?»

«ካልሞተማ ደስ ይለናል!»

«እኛ ደስ ይለናል። እሱ የደበቀው ነገር ቢኖርስ?»

«ኧረ ተይኝ» አለች እህትየው እጇን እያወራጨች። «አንቺ ቃልሽን ስታሽሞነሙኚ ሰውዬው መሬት ላይ ወድቆ ይሆናል።»

ይቺ ቃል ገባችባት። ስልከኛዋ ደብተሩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ መልሳ ከተተችው፤ መልሳ አወጣችው። ቁጥሩን ከሰጠች ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ያመናት በከንቱ ነው። ዝም ካለች ደግሞ ሰውዬው ሰው ያጣ ሆኖ ሊቀር ነው።

የወሰነችው የድሮ ሥራዋን አስባ ነው። ያኔ ደዋዩ ስንት ቢለምን የሰው ቁጥር አይነገረውም ነበር። ኦፕሬተሯ ራሷ ተፈላጊውን ትጠራና «እገሌ መስመር ላይ ናቸው፤ ይቀበላሉ?» ትላለች። እሺ ካለ ትሰካለች። እምቢ ካለ «አልተገኙም» ብላ ደዋዩን ትሸኛለች። ቃሏ ሁለት ነው፤ አልሰጥም ያለችውና አልደውልም ያለችው። ቁጥሩን መስጠት እሱን መክዳት ነው። መደወሉ ግን ራሷን ከማዋረድ አያልፍም። «ከሁለት አንዱ መፍረሱ ካልቀረ የኔው ይፍረስ» አለችና ደወለች።

አምስቴ ጠራ።

«ሃሎ? ማን ነው? እኔ አይታየኝም፤ ድምፅህን አሰማኝ።»

ስልከኛዋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ፤ የግሩፑ ስልከኛ። አልደውልም ብዬዎት ነበር፤ ቃሌን በላሁ። ይቅር ይበሉኝ። ደህና ነዎት?»

«አለሁ፣ እህቴ፣ አለሁ!» ሳቁ ያ የምታውቀው ሳቅ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማንም እንዳትነግሪ። ያ ሰውዬ ታከም ሲለኝ እልህ ያዘኝ። ዓይኑ ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት አምጥቼ አፉን ላስይዘው ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ አየና፣ ሁለቱንም ዓይንህን ሞራ ይዞታል፤ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አይድንም ነበር አለኝ። የአንዱን ሞራ አወጡልኝ፤ ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ገባሽ? ዓይኔን ያተረፈው ፋይሉ ነው! ይሄን ከሚያውቅብኝስ ብታወር ይሻለኛል።»

ስልከኛዋ ሳቋን ዋጠች። እሱ ግን መሳቁን ተወ።

«ደግሞ ሌላም አለ። እስከ ዛሬ ሰማይ ላይ ያየኸው ሁሉ ሞራ ነበር ይሉኛል። ነበር እንዴ?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለችው። ልታጽናናው ብላ አልዋሸችም።

«አይ» አለ። «ዱሮ የማየው አንድ አንድ ነበር። ሦስት ሦስት ማየት የጀመርኩት አምና ነው።»

«እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ፋይሉ ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል፤ ይቀበላሉ?»

«ሊስቅብኝ?»

«ድምፁን ሰምቼዋለሁ። የሚስቅ ሰው ድምፅ አይደለም።»

«ቁጥሬን ግን እንዳያይ። ቁጥሬን ያገኘ ዕለት የቅድመ አያቴን ፋይል ሳይቀር ነው የሚያወጣው።»

«አያይም። የሚያየው የኔን ነው።»

ፋይሉን ደውላ ጨመረችውና ሦስቱም አንድ መስመር ላይ ሆኑ። «ሁለታችሁም አላችሁ፤ ተነጋገሩ» አለች። ያኔ ስልክ ቤት ቢሆን ማዳመጫዋን አውልቃ ሻይዋን ትጠጣ ነበር። አሁን ግን ያገናኘው ሰው ከወጣ መስመሩ ይቆረጣል። ስለዚህ የራሷን ድምፅ ዘጋች፤ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰካችው፤ በሹራብ ጠቀለለችው፤ መሳቢያ ውስጥ ከትታ ገፋችውና ከክፍሉ ወጥታ በሩን ዘጋች።

እህቷ መጥረጊያዋን ጣለች። «አገናኘሻቸው? ምን ሆኖ ነበር?»

«አልነግርሽም።»

«እሺ አትንገሪኝ። እኔ ራሴ ትንሽ ብቻ፣ መሳቢያው አጠገብ ቆሜ...»

«በዚህ በር የሚገባ መጀመሪያ እኔን ረግጦ ነው» አለች ስልከኛዋ፤ የፀጉር ቤቱን ወንበር ጎትታ በሩ ላይ ተቀመጠች።

«ጉድ እኮ ነው! በገዛ ቤቴ ውስጥ፣ በገዛ ወንበሬ!»

እንደዚህ ተፋጥጠው ሳሉ ከኋላ ክፍል የታፈነ ነገር ተሰማ። ቃሉ አይለይም፤ ሁለት ድምፅ መሆኑ ግን ይለያል። መጀመሪያ ተራ በተራ ነበር። ቆይቶ አንዱ አንዱን አቋረጠው። ቆይቶ ሁለቱም እኩል ይጮሁ ጀመር።

«እየተጣሉ ነው!» አለች እህትየው ደንግጣ። «እታለም፣ ሄደሽ አስታርቂ እንጂ!»

«እሰይ!» አለች ስልከኛዋ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «እሰይ፣ ይጣሉ። ሰውዬው ደህና ነው ማለት ነው።»

አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። መሳቢያውን ስትከፍተው ስልኩ እንደ ትኩስ ድንች ይፋጅ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ፋይሉ ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «ጎረቤት በሕይወት አለ፤ ደህና ነው። የት ነበር፣ ምን ሆኖ ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ አልናገርም። የራሱ ጉዳይ ነው።» ግሩፑ ጉድ አለ። «ይሄ እውነት ፋይሉ ነው ወይስ አካውንቱ ተጠልፎ ነው?» የሚል መልስ ወዲያው መጣ። ስለ አዲሱ ግሩፕ ግን ያነሳ አልነበረም።

ለስልከኛዋ ለብቻዋ ደግሞ ሌላ መልእክት ላከላት። «እትዬ፣ ዛሬም በዚያው ሰዓት ያገናኙን ይሆን? ስለ ሕጉ ገና አልጨረስንም። እሱ ራሱ ግሩፑ ላይ ማንበብ እስኪጀምር ድረስ ብቻ።»

«እጠይቃቸዋለሁ» ብላ መለሰች።

እህቷ በትከሻዋ ላይ ታነብ ነበር። «አሁን ደግሞ የምን መጠየቅ ነው? ትናንት እሺ አላለም?»

«ትናንት እሺ ያለው ለትናንት ነው» አለችና ደወለች።

ዛሬ በአንደኛው ጥሪ ተነሳ። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ? ያ ሰውዬ ነው አይደል የላከሽ?» አለ ጎረቤት ገና አፏን ሳትከፍት። «እሺ ብሏል በይው። ግን ተዘጋጅቶ ይምጣ፤ ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት።»