የፊት መታጠቢያ የሚመረምሩት ጋሽ ተስፋማርያም

አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጋሽ ተስፋማርያም የሚባሉ ጡረተኛ አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርተዋል። ከሥራ ሲወጡ አንድ ልማድ ይዘው ወጡ፤ ፈሳሽ ነገር ካዩ ወረቀት ይነክሩበታል። ያቺን ቀለም የምትቀይረዋን ቀጭን ወረቀት ማለቴ ነው። ኮምጣጤ ሲነካት ትቀላለች፣ በረኪና ሲነካት ሰማያዊ ትሆናለች። ለቆዳ የሚስማማው መሃል ሆኖ ወደ ኮምጣጣው ትንሽ ዘንበል ያለው ነው ይላሉ።

መጀመሪያ የመረመሩት የልጅ ልጃቸውን ሳሙና ነበር። ወሬው ደረጃውን ወረደና የሕንፃው ሴቶች ፌስ ዎሽ በገዙ ቁጥር በራቸውን ማንኳኳት ጀመሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መብርሂት ይከፍቱና «ግቡ፣ ዶክተሩ አሉ» ይላሉ። ጋሽ ተስፋማርያም መነጽራቸውን አድርገው፣ ጠብታዋን በውሃ አቅጥነው፣ ወረቀቷን ነክረው ይፈርዳሉ፦ «በዚህስ ልብስ እጠቢበት» ወይም «ለስላሳ ነው፣ ተጠቀሚ»።

ሰምሃልም እንደዚያው ነበር የመጣችው። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ትሠራለች። ከደምበል የገበያ ማዕከል የገዛችውን ፌስ ዎሽ አሳየቻቸው፣ ለስላሳ ነው አሏት። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። እኔም ለጨዋታ ገብቼ ተቀምጬ ነበር። ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ አፍንጫዋ ዙሪያ ተላልጧል።

«ጋሼ፣ ጥሩ ነው አላሉኝም?»

«ወረቀቱ ጥሩ ነው አለ እኮ፣ ልጄ።»

«አለቃዬ ፊትሽ እስኪሻልሽ ብላ እንግዳ የማያየኝ የኋላ ቢሮ አስገባችኝ። በሁለት ሳምንት ካልዳንኩ በቃ፣ ቦታዬን ለሌላ ልጅ ልትሰጠው ነው።»

ጋሽ ተስፋማርያም ተነስተው እንደገና ነከሩ። ያው ቀለም ወጣ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘው ሲያገላብጡ ወይዘሮ መብርሂት አላስቻላቸውም።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱን ተወውና ልጅቷን እያት! የምትታጠበው ፊቷን ነው።»

ጋሽ ተስፋማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«በቀን ስንቴ ትታጠቢበታለሽ?»

«አራቴ። እንግዳ ፊት ነዋ የምቆመው።»

«በምን ውሃ?»

«በሙቅ።»

«ከታጠብሽ በኋላስ ምን ይሰማሻል?»

«ይወጥረኛል። ትንሽም ያቃጥለኛል። ያኔ ነው በደንብ እንደጸዳሁ የማውቀው።»

«እኔስ ብትይ!» አሉ ወይዘሮ መብርሂት። እኔም በልቤ አዎ አልኩ። ልጅ ሆነን ቆዳችን ከጣታችን ሥር ሲጥ ሲጥ ካላለ ታጠብን አይባልም ነበር። የሚያቃጥል ነገር እየሠራ ነው ብለን የምናምን ብዙ ነን።

ጋሽ ተስፋማርያም ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱ። ሽቶው እኔ ዘንድ ደረሰ።

«ይሄ ሽቶ ወረቀቱ ላይ አይታይም» አሉ ቀስ ብለው። «መወጠሩም፣ አራቴውም አይታይም። ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የመረመሩት ውሃ ነው። ውሃ እንዴት ሰነበትክ ተብሎ አይጠየቅም።

«ይሄን ተዪው» አሏት። «ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ብቻ። ማታ አንድ ጊዜ ሽቶ በሌለው ሌላ መታጠቢያ፣ እሱንም መጀመሪያ ከጆሮሽ ሥር ጥቂት ቀን ሞክሪው። ከታጠብሽ በኋላ ከወጠረሽ ለስላሳ አይደለም፣ እኔ ምንም ብል። በሳምንት ለውጥ ካላየሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ እኔ የማውቀው ውሃ ነው።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ሰምሃል የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰች መጣች። አፍንጫዋ ጥግ ላይ ትንሽ ቀርቷታል፣ ጉንጮቿ ግን ሰክነዋል። አለቃዋ አይታት ነገ ወደ ቦታሽ ተመለሺ ብላታለች። ወይዘሮ መብርሂት እልል አሉ። ጋሽ ተስፋማርያም ግን ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

«ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ለስላሳ ነው ያልኳቸው ሌሎችም አሉ እኮ።»

ተከትያቸው ወጣሁ። የመጀመሪያው በር የመምህርት ስመኝ ነበር።

«ስመኝ፣ ያ ባለፈው ያየሁልሽ ፌስ ዎሽ እንዴት ሆነልሽ?»

ስመኝ እኔን አየችኝ፣ እሳቸውን አየች፣ መሬቱን አየች።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና... በሁለተኛው ቀን ፊቴን አቃጠለኝ። መታጠቢያ ቤቱን አጸዳሁበት። እርስዎን ቅር እንዳይልዎ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ጋሽ ተስፋማርያም ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ።

«ስንት ሰው ይሆን» አሉኝ፣ ወደሚቀጥለው በር እየተራመዱ፣ «እኔን አክብሮ የተቃጠለው?»