መነጽር ያደረገችው ፍየል

ፍየሏ የለችም። ሚጢጢ ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን በር ነካች፣ አጥሩን ነካች፣ ከአጥሩ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ሳይቀር በማውሱ ጠቅ ጠቅ አደረገች። በሩን የሚጠብቀው አንድ ወፍራም ዘበኛ ነው፤ በነካችው ቁጥር ያዛጋና «ዛሬ ዝግ ነው» ይላታል። ሌላ ፍጡር የለም።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ» አላት ባሏ ከጋዜጣው ቀና ብሎ።

«ፍየሏ የለችማ!»

«ታዲያ በግ ግዢያ!» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ይሳቅ። እሱ ምን ያውቃል?

ሚጢጢ የሚሏት ቤተሰቦቿ ናቸው እንጂ ሃምሳን ካለፈች ቆይታለች። ከገበያው ማዶ ባለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት፤ ዶሮ የጫረው የሚመስለውን የሐኪም ጽሕፈት በአንድ እይታ ታነባለች። ደንበኛ ገና ከበር ሲገባ የሚወስደው ኪኒን ከነሚሊግራሙ ትዝ ይላታል። በዚህም ትኮራለች፣ ኩራቷን ደግሞ አትደብቅም። «የኔ ጭንቅላት ቁም ሳጥን ነው፤ ያስቀመጥኩትን እዚያው አገኘዋለሁ» ትላለች፣ ሰው ጠየቃትም አልጠየቃትም።

ፍየሏን የምትፈልግበት የኮምፒውተር ጨዋታ የልጅነቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ አንድ ቢሮ ሊጥለው የነበረ ኮምፒውተር ለምኖ ቤት ያመጣ ጊዜ፣ ከጓደኛው በፍሎፒ ዲስኮች ገልብጦ የጫነላት ነው። በመጀመሪያው ክፍል አንድ ፈሪ ፀጉር ቆራጭ ንጉሡን በስህተት መላጣ ያደርጋቸዋል። በሁለተኛው ክፍል መቀሱንና መስታወቱን ይዞ እግሬ አውጪኝ ይላል። ያገኘውን ኮተት ሁሉ እየለቀመ ከረጢቱ ውስጥ ይከታል፣ ይህን ከዚያ ጋር ያጋጥማል፣ መንገደኛ ያናግራል፤ መንገደኛው ደግሞ ቅጥ አምባሩ የጠፋ መልስ ይሰጠዋል። እሷና ወንድሟ በሳቅ ሆዳቸውን ይዘው ይንከባለሉ የነበረው በሁለተኛው ክፍል ነው። ሚጢጢ እንደ ውሃ ጠጥታዋለች።

ሰሞኑን ሥዕሉ ጸድቶ፣ ድምፁ ተሻሽሎ እንደገና መውጣቱን ስትሰማ ታዲያ አላስቻላትም። ገዝታ ጫነችው። እንደ ሕፃን እየሳቀች፣ የገጸ ባሕርያቱን መልስ ቀድማ እየተናገረች፣ አንዲት ነገር ሳትሳሳት ፀጉር ቆራጩ ከአገር የሚያመልጥበት የድንበር በር ላይ ደረሰች። እዚያ ላይ ነው ጉዱ የፈላው።

ምክንያቱም በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ያንን በር የምትጠብቀው ፍየል ናት። መነጽር ያደረገች፣ ጢሟ የረዘመ፣ ኩሩ ፍየል። «ሳታስቀኝ አታልፍም» ትለዋለች ፀጉር ቆራጩን። እሱም እየተንቀጠቀጠ ጢሟን ይላጭና መስታወቱን ይሰጣታል። ፍየሏ ራሷን አገላብጣ ታይና «ይቺን ልጅ የት ነው የማውቃት?» ትላለች፤ በሳቅ ስትፈርስ እሱ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ሚጢጢ የመነጽሩ ፍሬም ቀይ እንደነበር ሳይቀር ይታያታል። አሁን ግን ዘበኛ ነው ያለው። ትራስ ሲሰጡት ተኝቶ ያሳልፋል፤ አለቀ።

ተሻሽሎ ይሆናል ብላ የድሮውን ጨዋታ የሚያውቁ ሰዎች የጻፉትን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ አነበበች። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ዘበኛውና ስለ ትራሱ ነው። ፍየል ያነሳ አንድ ሰው የለም።

ክው አለች። እናቷን የመርሳት በሽታ የጀመራት እንደዚህ ነበርና።

መጀመሪያ ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርጋ ማውራት ጀመረች፤ ያልመጣ እንግዳ መጥቶ ነበር ትል ነበር፣ የለበሰውን ኮት ቀለም ሳይቀር እየነገረች። ቀጥሎ አንዱን ወሬ በአንድ መቀመጫ ደጋግማ ታወራ ነበር፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ። መጨረሻ ላይ ልጆቿን «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» አለቻቸው። ሚጢጢና ወንድሟ ተራ እየገቡ አጎረሷት፣ አጠቧት፣ ቀበሯት። ከቀብር ሲመለሱ ወንድሟ መኪናውን ጥግ አስይዞ «ከሁለታችን የጀመረው ካለ፣ ለሌላው ቶሎ ይናገር። ቃል ግቢልኝ» አላት። እሷም ቃል ገባች።

አሁን ያንን ቃል ልትፈጽም ነው? እንዴት ተደርጎ! ለእሱ መንገር ማለት ነገሩን እውነት ማድረግ ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ እያንዳንዱን ፓኮ አንስታ ታነባለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሳለች። አንዲት የቆየች ደንበኛዋ «ምነው እቴ፣ ዛሬ መድኃኒቱን አፈጠጥሽበት፤ ሊያመልጥሽ ነው እንዴ?» ብላ ቀለደችባት። ሚጢጢ ሳቀች፤ ከዚያ ፓኮውን እንደገና አነበበችው። የልጅ ሽሮፕ ለአዋቂ፣ የልብ ኪኒን ለጨጓራ የሰጠች ቀን ምን ይውጣታል? ሥራዋን ልትለቅ ሁሉ አሰበች፤ ለባሏ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከሥራ በወጣች ቁጥር ጨዋታውን እንደ አዲስ ትጀምራለች፣ በሩ ጋ ትደርሳለች፣ ፍየሏን ትጠብቃለች። ዘበኛው ያዛጋል።

እሑድ ከሰዓት አልቻለችም፤ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ወንድሟ ዕድሜ ልኩን ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ወሬ ሲጥመው ቀኝ እግሩ ዛሬም ፍሬን ይረግጣል። በሩን ከፍቶ አቀፋት፣ «ሚጢጢዬ፣ ከሳሽ እኮ!» አለና ሶፋው ላይ አስቀመጣት። ስለ ባሏ ጠየቃት፣ ስለ ራሱ ወገብ ሕመም ነገራት።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ያ የፀጉር ቆራጩ ጨዋታ... ሁለተኛው...»

«ውይ፣ እሱማ!»

«በሩ ላይ ማን ነበር?»

ወንድሟ ዓይኑን አጠበበ። ከዚያ በመላ ሰውነቱ መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪመጣ ድረስ።

«ፍየሏን ነው የምትይኝ? አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ አመንሽኝ እንዴ? አራተኛዋ ፍሎፒ ብልሹ ነበረች እኮ! በሩ ጋ ስንደርስ ስክሪኑ ጥቁር ይላል። አንቺ ደግሞ ልታለቅሺ ነው። "ይሄ በጨለማ የሚጫወቱት ክፍል ነው፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ" አልኩሽና ፍየሏን ከሆዴ አወጣኋት። አንቺ ስትጨፍኚ እኔ ጓደኛዬ በሩን ካለፈ በኋላ በሌላ ፍሎፒ ያስቀመጠልኝን ጨዋታ ቀስ ብዬ እጭናለሁ።» ተነስቶ ጢም የሌለውን አገጩን እያሻሸ በፍየል ድምፅ «ይቺን ልጅ የት ነው የማውቃት?» አለ፤ እግሩም ፍሬኑን ረገጠ።

ሚጢጢ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች። ቁም ሳጥኗ ደህና ነው! ፍየሏ ያስቀመጠችበት ናት፤ ያስቀመጠችው በጆሮዋ መሆኑን ነው የረሳችው። ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ ወርዶላት «ሻይ እኔ ነኝ የማፈላው» ብላ ወደ ኩሽና ሮጠች። ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ተጥዶ፣ ውሃው አልቆ ቂጡ ጠቁሯል። «ወንድ ብቻውን ሲኖር!» አለች ለራሷ፣ ፈግፍጋ አጠበችውና እንደ አዲስ ጣደችው።

ሻዩን ይዛ ስትመለስ ወንድሟ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ፈገግ ብሏል።

«ሚጢጢ፣ እስከ ዛሬ የደበቅኩሽን አንድ ነገር ልንገርሽ» አላት። «ያ የፀጉር ቆራጩ ጨዋታ ትዝ ይልሻል? አራተኛዋ ፍሎፒ እኮ ብልሹ ነበረች!»

የሚቀልድ መሰላትና ፊቱን አየችው። ቀልድ የለበትም። ምሥጢሩን ገና አሁን ሊያወጣ የጓጓ ሰው ፊት ነው። የጠቆረው ማንቆርቆሪያ ትዝ አላት። ፍርሃቷ ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ለራሷ አልነበረም።

«ታውቂ ነበር እንዴ?» አላት ቅር ብሎት።

«ኧረ አላውቅም፣ ጋሼ።» ብርጭቆዎቹን አስቀመጠችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ንገረኝ እስቲ።»

ከመጀመሪያው ጀመረላት። ፍየሏ መስታወቱን ስትቀበል እግሩ ፍሬን ረገጠ፤ ሚጢጢም እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ቅድም የሳቀችበት ቦታ ላይ ሳቀች።